ለአረጋውያን እጅ የሚመቹ የገና ጌጦች፦ የጨው ሊጥ፣ የክር ኳስ እና የወረቀት ኮከብ አሠራር

በገና ሰሞን ከእናት ወይም ከአባት ጋር ተቀምጠው ጌጥ ለመሥራት የሚነሡ ቤተሰቦች በአብዛኛው የሚሰናከሉት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሊጡ ሲደርቅ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ሁለተኛው፣ አረጋዊው ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እጃቸውን ጠርገው «በቃኝ፣ እናንተ ጨርሱት» ይሉና ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። ሊጡ የሚበላሸው በውሃ ብዛትና በችኮላ ነው፤ አረጋዊው ሥራውን የሚተዉት ደግሞ ዕቃው ለጣታቸው ስለሚያንስ፣ ብርሃኑ ስለማይበቃቸው፣ አልያም እንደ ሕፃን የተቆጠሩ ስለሚመስላቸው ነው። ሁለቱም ከመጀመርዎ በፊት በሚደረግ ዝግጅት ይወገዳሉ።

መመሪያው የተጻፈው አብሮ ለሚሠራው ልጅ፣ የልጅ ልጅ ወይም አስታማሚ ነው። ሰፊውን ቦታ የያዘው የጨው ሊጥ ነው፤ ማቡካትና መዳመጥ የብዙ እናቶች እጅ ሳይነገረው የሚያውቀው ሥራ በመሆኑ፣ ዓይን ቢደክምም እጅ ይመራል።

1. ቀኑን መቁጠር

የጨው ሊጥ በአየር ብቻ ሲደርቅ ከ4 እስከ 7 ቀን ይፈጃል። ቀለም ለመቀባትና ቀለሙን ለማድረቅ ሌላ 2 ቀን ይጨምሩ። ስለዚህ ታኅሣሥ 29 ለሚውለው የልደት በዓል ሥራውን ከታኅሣሥ 10 እስከ 15 ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምሩ፤ በዓሉ ታኅሣሥ 28 በሚውልበት በዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ይቀድሙ። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ስለሆነ ብዙ እናቶች ቤተ ክርስቲያን ይውላሉና በዚያ ቀን ሥራ አይያዙ። በውጭ አገር የሚኖሩና ዲሴምበር 25ንም የሚያከብሩ ቤተሰቦች፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ታኅሣሥ 16 ላይ ስለሚውል፣ በኅዳር የመጨረሻ ሳምንት መጀመር ይኖርባቸዋል።

ሰሞኑ የነቢያት ጾም ነው። በሊጡ ውስጥ እንቁላልም ወተትም ስለማይገባ ጾመኛ እናት ያለ ሐሳብ ሊነኩት ይችላሉ። ጾመው የሚያረፍዱ ከሆነ ግን ሥራውን ኃይል ሳይደክም፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ያድርጉት። በአንድ ጊዜ ከ40 ደቂቃ በላይ አይቀመጡ። ማቡካቱን በአንድ ቀን፣ ቀለሙን በሌላ ቀን፣ ክሩን በሦስተኛው ቀን ማድረግ ሥራውን ያቀላል።

ሌላም አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባ ጉዳይ አለ። እህል መጫወቻ ሲሆን ማየት የሚከብዳቸው አረጋውያን ብዙ ናቸው። አያቴ ዱቄቱንና ጨውን ባየች ጊዜ «እህል በከንቱ ይፈሳል?» ብላ እጇን ሰበሰበች፤ ትክክልም ነበረች። በማግስቱ ነቀዝ የገባበትና ሊጣል የነበረ ዱቄት ነፍተን ስናቀርብላት ያለ አንዳች ቅሬታ አቦካች። እናንተም አሮጌ ወይም ነቀዝ የነካው ዱቄት ፈልጉ፣ በደንብ ንፉት፤ ይህ ካልተገኘና ቅሬታው ከቀረ፣ የጨው ሊጡን ትታችሁ በቀጥታ ወደ ክር ኳሱ እለፉ።

2. ጠረጴዛውንና ወንበሩን ማዘጋጀት

ይህን ክፍል አይዝለሉ፤ ከላይ የተጠቀሰው «በቃኝ» የሚመጣው ከዚህ ጉድለት ነው።

መቀመጫ፦ የጀርባ ድጋፍ ያለው ወንበር ይምረጡ። ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ፣ ክርኖች በጠረጴዛው ከፍታ ልክ ይረፉ። ጠረጴዛው ከፍ ካለ ትራስ ከሥር ያድርጉ፤ እግር ከተንጠለጠለ ደግሞ ዱካ ወይም ጠንካራ ካርቶን ያስረግጡ።

ብርሃን፦ በቀኝ እጃቸው የሚሠሩ ከሆነ መስኮቱ በግራቸው ይሁን፣ በግራ እጃቸው የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ በቀኛቸው፤ አለዚያ የገዛ እጃቸው ጥላ ሥራውን ይሸፍንባቸዋል። መነጽራቸውን ከመጀመርዎ በፊት ጠርገው ያቅርቡ።

ቀለም፦ ነጭ ሊጥ በነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አይታይም። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ላስቲክ ያንጥፉ። የዓይን ሞራ ላለባቸው ይህ አንድ ለውጥ ብቻውን ብዙ ይረዳል።

የሚንሸራተት ነገር፦ ከመዳመጫው ጣውላ ሥር እርጥብ ፎጣ ያድርጉ። አንድ እጃቸው የማይታዘዝላቸው ሰዎች ጣውላው ካልተንቀሳቀሰ በሌላው እጃቸው ብቻ ብዙ መሥራት ይችላሉ።

እጀታ፦ ቀጭን ብሩሽ ቁርጥማት ላለበት ጣት ጭንቅ ነው። የብሩሹን እጀታ እንደ እንቁላል ያህል እስኪወፍር በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ጠቅልለው በክር ያስሩት።

የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ፤ ሲጨርሱበት ያንሡና ቀጣዩን ያቅርቡ። ማብራሪያም አያብዙ፤ አጠገባቸው ተቀምጠው አንዱን ራስዎ ሲሠሩ ይዩ።

3. የጨው ሊጥ ጌጥ

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦
- 2 ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት
- 1 ብርጭቆ ደቃቅ የገበታ ጨው
- 1 ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፤ ሁሉም ላያስፈልግ ይችላል
- መዳመጫና ጣውላ
- የሻይ ብርጭቆ፣ ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ፣ ንጹሕ ሰፌድ
- ትሪ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀለምና ብሩሽ

ሁሉንም በአንድ ብርጭቆ ይለኩ። ብርጭቆው ትንሽ ይሁን ትልቅ ለውጥ የለውም፤ መጠኑ እስካልተዛባ ድረስ። በመደበኛ የሻይ ብርጭቆ አፍ ሲቆረጥ ከ20 በላይ ጌጦች ይወጡታል። ጨውዎ ሻካራ ከሆነ መጀመሪያ ይውቀጡት ወይም ይፍጩት፤ ሳይሟሟ የቀረ የጨው ቅንጣት ሲደርቅ ገጹን ያጎደጉደዋል። ቤኪንግ ፓውደር ወይም እርሾ የተቀላቀለበት ዱቄት ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ጌጡ ተነፍቶ ቅርጹን ያጣል።

ጥንቃቄ፦ ይህ ሊጥ አይበላም። ጨውነቱ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ለሕፃን፣ የመርሳት ሕመም ላለበት ሰውና ደም ግፊት ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ውሻ ከበላው ሊመረዝና ሊሞት ይችላልና ፍርፋሪውን እንኳ መሬት ላይ አይተዉ። የእጅ ቁስል ወይም የተሰነጠቀ ጣት ካለ ጨው ስለሚያቃጥል ጓንት ያስለብሱ፤ የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ትንሿን ቁስል ሳይሰሟት ሊያልፉ ስለሚችሉ፣ ሥራው ሳይጀመር ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ይመልከቱ።

ደረጃ 1፦ መቀላቀል። ዱቄቱንና ጨውን ደረቅ እንደሆኑ በደንብ ያደባልቁ። ከውሃው ሦስት አራተኛውን ብቻ ያፍስሱ። የቀረውን በማንኪያ፣ ሊጡ ሲጠይቅ ብቻ ይጨምሩ። የዳቦ ሊጥ ከለመዱ እናቶች ጋር እዚህ ላይ ልዩነት ይነሣል፤ እሳቸው የሚያውቁት ሊጥ ለስለስ ያለ ነው፣ ይህ ግን ከዳቦ ሊጥ ጠንከር ማለት አለበት። ውሃ ጨምሩ ቢሉዎት ቀጣዩ ደረጃ ካለቀ በኋላ እንደሚጨመር ይንገሯቸው፤ ከታሸ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም።

ደረጃ 2፦ ማሸት። 10 ደቂቃ ሙሉ ይታሽ። ከዚያ ባነሰ ጊዜ የቆመ ሊጥ ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም። መድረሱን ለማወቅ አውራ ጣትዎን ጫን አድርገው ያንሡ፤ የጣቱ ምልክት ጠርዙ ሳይፈነዳ ከቀረና ጣትዎ ላይ ምንም ካልተጣበቀ ደርሷል። እጃቸውን የሚያማቸው ከሆነ ሊጡን ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትተው አፉን ይሰሩትና በመዳፋቸው ወይም በክንዳቸው ይጫኑት። ሙቀቱ ለመገጣጠሚያ ደስ ስለሚል ውሃው ለብ ያለ መሆኑን አይርሱ።

ደረጃ 3፦ ማሳረፍ። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ለ30 ደቂቃ ይተዉት። ሳያርፍ የተዳመጠ ሊጥ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፣ ክቡም ሞላላ ይሆናል። አረጋዊውም በዚህ ሰዓት እጃቸውን ታጥበው ይረፉ።

ደረጃ 4፦ መዳመጥ። ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይሁን። በዓይን መገመት ስለሚያስቸግር፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እስኪሆኑ የተደራረቡ ሁለት የካርቶን ቁራጮች በሊጡ ግራና ቀኝ ያስቀምጡ፤ መዳመጫው በካርቶኖቹ ላይ ሲንከባለል ሊጡ ከዚያ በታች አይቀጥንም። ጣውላው ላይ ብዙ ዱቄት አይነስንሱ፤ ደረቅ ዱቄት ከሥር ተጣብቆ ይቀርና ቀለም አይዝም።

ደረጃ 5፦ ጥለት ማሳተም። ከሁሉ የምወደው ደረጃ ይህ ነው። የሚንቀጠቀጥ እጅ መሥመር መሳል ይከብደዋል፣ ማተም ግን አይከብደውም። የሰፌዱን ጀርባ በጣም ትንሽ ዱቄት ነስንሰውበት የተዳመጠው ሊጥ ላይ ያስቀምጡትና እናት በሁለት መዳፋቸው ከመሀል ወደ ዳር ይጫኑት። ቀስ ብለው ሲያነሡት፣ እየተዞረ የተሰፋው የአክርማ ረድፍ አንድ በአንድ ሊጡ ላይ ታትሞ ያገኙታል። ስፌት ያውቁ የነበሩ እናት ረድፉን በጣታቸው እየተከተሉ የማን እጅ እንደሆነ ሊነግሩዎት ይችላሉና አያቻኩሏቸው። ሰፌድ ከሌለ የሹካ ጥርስ፣ የዳንቴል ጨርቅ ወይም የኮባ ቅጠል ጀርባ ይሆናል።

የመስቀል ቅርጽ ከመረጡ አስቀድመው ያስቡበት። ብዙ አረጋውያን መስቀል ያለበት ነገር ተሰብሮ ቆሻሻ ላይ ሲጣል ያዝናሉ። ኮከብ፣ ደወል ወይም ክብ ቅርጽ ከዚህ ጭንቀት ነፃ ነው።

ደረጃ 6፦ መቁረጥና መብሳት። የሻይ ብርጭቆውን አፍ ውሃ ነክረው አራግፈው ሊጡ ላይ ይጫኑ፣ በትንሹ ያዙሩ፣ ያንሡ። ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው በእስክሪብቶ ቀፎ ቀዳዳ ያብጁ። ለጠርዙ የቀረበ ቀዳዳ ሲሰቀል ይገነጠላል። ቀዳዳው አሁን ካልተበጀ በኋላ ደረቁን መብሳት አይቻልም።

ደረጃ 7፦ ማድረቅ። በሁለት መንገድ ይደርቃል።

በኦቭን፦ ሙቀቱን 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያድርጉ፤ ከ120 አያሳልፉ። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቆያል፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይገልበጡ። ትሪውን አረጋዊው እንዳያነሡ እርስዎ ይያዙት።

በአየር፦ ወንፊት ወይም ሽቦ ላይ ደርድረው ነፋስ በሚገባበት ጥላ ቦታ ያስቀምጡና ጠዋትና ማታ ይገልብጡ። የታኅሣሥ አየር በደጋው ደረቅ ስለሆነ ይረዳዎታል። ሌሊት ግን ወደ ቤት ያስገቡት፤ ጨው የሌሊቱን እርጥበት ይስባል። ፀሐይ ላይ በቀጥታ አያስጡ። በመጀመሪያው ዓመት እኔ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ አስጥቼው ነበር፤ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ስለቀረ፣ ማታ ሳነሣው ሁሉም እንደ ሸክላ ገል ጎብጠው አገኘኋቸው።

ምጣድ ላይም አያድርቁ። ሥሩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

መድረቁን ለማረጋገጥ ከጀርባው በጥፍር ያንኳኩ። ጠጣር ድምፅ ከሰጠና መሀሉ ከጠርዙ ጋር አንድ ዓይነት ነጣ ያለ መልክ ካለው ደርቋል። መሀሉ ጠቆር ካለ አንድ ቀን ይጨምሩለት።

ደረጃ 8፦ ማለስለስና መቀባት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይጥረጉ። ብናኙን በደረቅ ጨርቅ ያንሡ፤ ውሃ አይንካው። ቀለሙ ብዙ ውሃ ካለው ሊጡን መልሶ ያለሰልሰዋል፤ ስለዚህ አክሪሊክ ቀለም ይሻላል። በሰፌድ የታተመውን ጥለት ለማውጣት ብሩሽ ሳይሆን ስፖንጅ ይጠቀሙ፤ ስፖንጁን ቀለም አስነክተው፣ ጋዜጣ ላይ አራግፈው ላዩን ብቻ ነካ ነካ ማድረግ ይበቃል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሁለቱንም ገጽ ቫርኒሽ ይቀቡት። ቫርኒሹን እርስዎ ከቤት ውጭ ይቀቡ፤ ሽታው አስም ላለባቸው አይስማማም።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ሊጡ እጅ ላይ ከተጣበቀ፦ ዱቄትና ጨው በ2 ለ 1 መጠን ቀላቅለው በማንኪያ ይጨምሩ። ዱቄት ብቻ ከጨመሩ መጠኑ ይዛባል።

ሲታሽ ከፈራረሰ፦ እጅዎን ውሃ ነክረው ይሹት። ውሃ ከላይ አያፍስሱ።

ኦቭን ውስጥ አረፋ ካወጣ፦ ሙቀቱ በዝቷል። ቀንሰው፣ ገና ለስላሳ ከሆነ አረፋውን በመርፌ ወጋ አድርገው በማንኪያ ጀርባ ይጫኑት።

ከጎበጠ፦ ሳይደርቅ ከደረሱበት ይገልብጡትና ከላዩ ትሪ ጭነው ያሳድሩት። ከደረቀ ግን አይቃናም፤ ለማቃናት ቢሞክሩ ይሰበራል።

ከተሰነጠቀ፦ ትንሽ ዱቄትና ጨው በጥቂት ጠብታ ውሃ እንደ ወፍራም አጥሚት አዋሕደው ስንጥቁን በጣት ይሙሉ፣ አንድ ቀን ያድርቁ፣ ያለስልሱ። ለሁለት ከተከፈለ በእንጨት ኮላ ያጣብቁ።

ሰፌዱ ላይ ከተጣበቀ፦ ሰፌዱን አያጥቡት። ሊጡ ደርቆ ሲያድር በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል።

4. የክር ኳስ

ይህ ጌጥ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ተስማሚ ነው፤ መጠቅለሉ ያለ ዕይታ ይሠራል። ወፈር ያለ የሹራብ ክር ይግዙ። የሚያንሸራትት የናይለን ክር ቋጠሮ አይዝም። እናት በእንዝርት የፈተሉትን ክር ለዚህ አያባክኑ፤ ቀጭን ስለሆነ ኳስ አይሞላም፣ ለመስቀያ ግን ከሱቅ ክር ሁሉ ይበልጣል።

ደረጃ 1፦ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋትና አንድ እጅ የሚሞላ ርዝመት ያለው ጠንካራ ካርቶን ይቁረጡ።

ደረጃ 2፦ ክሩን በስፋቱ ዙሪያ 100 ጊዜ ይጠቅልሉ። መቁጠሩ ከጠፋ ምንም አይደለም፤ ካርቶኑ መሀል ላይ እንደ አውራ ጣት እስኪወፍር ይቀጥሉ። አያጥብቁ፣ ካርቶኑ መታጠፍ የለበትም።

ደረጃ 3፦ ጥቅሉን ከካርቶኑ ላይ አንሸራተው ያውጡ። 30 ሴንቲ ሜትር ክር በመሀሉ አዙረው ይቋጥሩ፤ ክሩን አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ በራሱ ውስጥ አሳልፈው ይጎትቱ፣ እንዲህ ሲሆን ሌላኛው ቋጠሮ እስኪከተል አይላላም። የጣት ኃይል የሚጠይቀው ይህ ብቻ ስለሆነ እርስዎ ይጎትቱ፣ እሳቸው ጥቅሉን ይያዙ።

ደረጃ 4፦ የቋጠሮውን ጅራት ሳይቆርጡ በሁለቱም ወገን ያሉትን ቀለበቶች በመቀስ ይቁረጡ፣ ያራግፉ፣ የወጣውን ይከርክሙ።

ክሮች እየተመዘዙ ከወጡ መሀሉ ላልቷል፤ በዚያው ቋጠሮ ላይ ሌላ ክር ደርበው አጥብቀው ይሰሩ። ኳሱ ሳስቶ ከታየ ጥቅሉ አንሷል፤ መከርከም ያሳጥረዋል እንጂ አይሞላውም፤ ስለዚህ ሌላ ይሥሩ።

5. የወረቀት ኮከብ

ኤ-4 ወረቀት በርዝመቱ ለሁለት ይክፈሉ፤ አንዱ ቁራጭ በግምት 30 በ10 ተኩል ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከጠባቡ ጫፍ ጀምረው በ1 ተኩል ሴንቲ ሜትር ልክ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች እያጠፉ ይጨርሱት። ዓይን ለደከመ ሰው የመታጠፊያውን መሥመር አስቀድመው በማስመሪያና ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫን አድርገው ያስምሩ፤ ጣት ጎድጓዳውን ተከትሎ ያጥፋል። መሀሉን በክር ይሰሩ። ሁለቱን ጫፎች በሰያፍ ይቁረጡ፤ ብዙ ድርብ ስለሆነ መቀሱን እርስዎ ይያዙ። ከዚያ ሁለቱን ወገን እንደ ማራገቢያ ዘርግተው የሚገናኙትን ጠርዞች በኮላ ያጣብቁ፣ ኮላው እስኪይዝ በልብስ መቆንጠጫ ያቆዩት። አልዘረጋ ካለ መሀሉ ላይ የታሰረው ክር ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ላላ ያድርጉት። ጠርዙ አልገናኝ ካለ ደግሞ እጥፋቱ ሰፍቷል።

6. መስቀልና ማስቀመጥ

የሊጡን ጌጥ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ፈትል ክር ይስቀሉ። የሊጥ ጌጥ ከወረቀትና ከክር ይልቅ ስለሚከብድ ከዛፉ ግንድ አጠገብ ባለው የቅርንጫፍ ክፍል ላይ ይሰቀል፤ ኳሶቹና ኮከቦቹ ወደ ጫፍ ይውጡ። ውሻና ሕፃን ካለ ከወገብ በታች የሊጥ ጌጥ አይስቀሉ። አረጋዊውን ወንበር ላይ አያስወጡ፤ በተቀመጡበት ወይም በቆሙበት እጃቸው የሚደርስበትን ቦታ ለእሳቸው ይተዉ። ለዛፉ ጥጥ የሚያለብሱ ከሆነ ጥጡ ከሻማና ከሚሞቅ አምፖል ይራቅ።

ከበዓሉ በኋላ እያንዳንዱን የሊጥ ጌጥ በደረቅ ወረቀት ይጠቅልሉና በሚገጥም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያስቀምጡ፤ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብረው ይክተቱ። ክረምቱ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ሐምሌ ላይ፣ ከፍተው ይመልከቱ። ገጹ ላይ እንደ ላብ ያለ እርጥበት ካዩ ጨው ውሃ ስቧል ማለት ነው፤ ሻጋታ ሳይጀምረው ዝቅተኛ ሙቀት ባለው ኦቭን ለግማሽ ሰዓት አድርቀው፣ አቀዝቅዘው፣ ቫርኒሹ የላላበትን ቦታ ደግመው ይቀቡ። ከጀርባው የሠሩትን ሰው ስምና ዓመተ ምሕረት በእስክሪብቶ መጻፍ የሚፈልጉ ከሆነ ከቫርኒሹ በፊት ይጻፉ፤ ከቫርኒሽ በላይ የተጻፈ ይጠፋል።